ደረጃ የወጣው ስድብ

ባለቦርሳዋ መንገደኛ ከቆላ መጥታ ሐይቅ ዳሩ ከተማ በገባችበት ቀን ያረፈችበት ፔንስዮን ባለቤት ሞተ። ከተማውም ገዳይ ለመፈለግ አልደከመም፤ እንግዳ እሷ ነበረችና እሷ ሆነች።

ሟቹ ጣሪያው ላይ፣ ከውሃው ታንከር ሥር በጀርባው ተንጋሏል። የታንከሩን የብረት ጠርዝ ደም ነክቶታል። ዙሪያውን የአሮጊት ልብስ የታጨቀባቸው ጆንያዎች ተደርድረዋል። መርማሪዋ ሦስቱን ፎቅ ወጥታ እስክትደርስ ትንፋሿ ስላለቀ፣ መናገሩን ትታ ማየት ያዘች። ከሟቹ ጭንቅላት ሥር በሥርዓት የታጠፈ የሴት ሹራብ አለ።

ከታች ሐይቁ ግራጫ ሆኖ ተዘርግቷል። አንድም ጀልባ አይታይበትም።

ባለቦርሳዋ ምድር ቤት፣ ምግብ ቤቱ ጥግ ተቀምጣለች።

«የምትደውዪለት ሰው አለ?» አለቻት መርማሪዋ።

«የለም።»

«እናት፣ አባት?»

«የለም አልኩዎት እኮ!»

«ሟቹን የት አየሽው?»

«በር ላይ። ሐይቁ የሚታይበት ክፍል አለ ወይ አልኩት። ትንሽ አሰበና የላይኛውን ሰጠኝ። ራሴን ሊፈልጠኝ ደረሰ፤ ትራሱን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ሌላ የማውቀው የለም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው። ፖሊስ የጠራውም እሱ ነው።

«በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ» አለ። «ወንድም ጋሼ ጆንያ ተሸክሞ ይወጣል፣ እሷ ከኋላው እየሮጠች ትሰድበዋለች። ከታች እስከ ጣሪያ አፏ አላረፈም።»

«አንተስ ምን አደረግህ?»

«የእንግዳ ንትርክ መስሎኝ ወደ ጓዳ ገባሁ።»

ወጥ ቤቷ ጉልበቷን እያሸች ነበር የመለሰችው። «ስድቡንማ ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ከታች ጀምሮ እየሮጠ ላይ ወጣ። ነጥብ የለው፣ ሰረዝ የለው!»

«የማን ድምፅ ነበር፣ እትዬ?»

«ድስቱ እየተንጫጫ ማን ይለያል?»

«ወጥተው አላዩም?»

«በዚህ ጉልበቴ? የመጀመሪያውን ፎቅ ካየሁ ስንት ዘመኔ! የውጭውን በር እንኳ እያነከስኩ ነው የቀረቀርኩት፣ ቀንድ አውጣዋ እንደገባች። ከዚያ ወዲህ ለፖሊስ እስኪከፈት ማንም አልነካውም። ውስጥ የነበርነው እኛው አራታችን ነን።»

«ቀንድ አውጣዋ?»

«ቤቷን አዝላ የምትዞር ናታ! ምን ልበላት ታዲያ?»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጠች። «የተሰጣት ክፍል የማን ነበር?»

ወጥ ቤቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የእናታቸው። ካረፉ ወዲህ ተቆልፎ የኖረ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች። ከዚያ ወደ ባለቦርሳዋ ዞረች።

«ጣሪያ ድረስ ሩጪ። እየሮጥሽ ስደቢኝ።»

«ምን ብዬ?»

«የመጣልሽን። ብቻ እንዳታርፊ።»

ልጅቷ ሮጠች። «አንቺ ደደብ... ሰው የማታምኚ...» የመጀመሪያው ፎቅ ላይ ድምጿ ቀጠነ። ሁለተኛው ላይ «አንቺ...» አለችና ድምጿ ተቋረጠ። ከዚያ ሳል ብቻ ተሰማ።

«ኧረ ልጅቷን ትገድያታለሽ!» ጮኸች ወጥ ቤቷ።

«ይብቃሽ፣ ውረጂ!» ብላ መርማሪዋ ወደ ታናሽየው ዞረች። «ከቆላ ዛሬ የመጣ ሰው እዚህ ከፍታ ላይ ደረጃ እየሮጠ መሳደብ ቀርቶ ቆሞ ማውራት ያቅተዋል። እኔ ከተዛወርኩ ዓመት አለፈኝ፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አሁንም ዝም እላለሁ። አንተ እዚሁ ተወልደህ ትንፋሽ እንደሚያልቅ አታውቅም። ስለዚህ ስትዋሽ የራስህን ሳንባ አዋስካት።»

«ሌላ ሰው ይሆናላ!»

«በሩ ተቀርቅሯል። እትዬ ደረጃ አይወጡም። ስድቡ ግን ነበረ፣ እሳቸውም ሰምተውታል። አንተ ስድቡን እንዳለ ትተህ ተሳዳቢውን ቀየርክ።»

ታናሽየው ግሪስ የጠጣ እጁን ያያል።

«ደግሞ ገድሎ ትራስ የሚያንተርስ መንገደኛ አላጋጠመኝም» አለች። «ሹራቡን ያጠፈው ሟቹን የሚወድ ሰው ነው። የማን ሹራብ እንደሆነም ያውቃል።»

ታናሽየው እጁን በሱሪው ጠረገ።

«የእማዬን ልብስ በጆንያ አጨቀው» አለ። «ክፍሏን ዛሬ ለመጣች፣ ለማታውቀን! ገፋሁት እንጂ... እንዲሞት አልነበረም።»

«ሹራቡስ?»

«ሲሚንቶው እንዳይቀዘቅዘው ብዬ።»

«ልጅቷንስ ለምን ወነጀልካት?»

ታናሽየው ወደ ደረጃው ዞረ። ባለቦርሳዋ ወርዳ የደረጃውን ብረት ተደግፋ ቆማለች።

«ማን ይጠይቅላታል ብዬ» አለ።

ፖሊሶቹ እጁን በካቴና አስረው ሲያወጡት ደፉ ላይ ቆመ። «የእማዬ በር ክፍት ነው። አንድ ሰው ይዝጋላት።»

ወጥ ቤቷ ጉልበቷን ያዘች። መርማሪዋ ደረጃውን አየችውና የሚላክ ሰው ፈለገች፤ ማንም አልነበረም።

ባለቦርሳዋ ሳትጠየቅ መውጣት ጀመረች። በየፎቁ ቆማ አረፈች። ክፍሉ ስትደርስ የተኛችበትን አንሶላ አስተካከለች፤ ትራሱን ቦታው መለሰች። ሐይቁ በመስኮቱ ሙሉ ይታያል፤ ለአፍታም አላየችውም። ቦርሳዋን አዘለች፣ ወጣች፣ በሩንም ሳታንጓጓ ዘጋችው።