አራት ቁጥር ብልቃጥ

«አራት ቁጥር ብልቃጥ ውስጥ ያለውን እንስሳ ከእኛው ወገን፣ ኮርዳታ ብሎ የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነው!» መምህርቷ የባዮሎጂ የተግባር ፈተናውን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ከመረቻቸው። «ሌላው በሙሉ ከባሕር ኮከብ ወገን፣ ኢካይኖደርማታ ብሏል። ጥናት ድሮ ቀረ ልበል?»

ክፍሉ አጉረመረመ። አንዷ ልጅ ግን አንገቷን ደፋች፤ ያ አንድ ሰው እሷ ነበረች።

«እኔ ቆጥሬያለሁ እኮ ቲቸር!» አለች ከጎኗ የተቀመጠችው ጓደኛዋ፣ እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። «አምስት ረድፍ ትንንሽ እግር አለው። የባሕር ኪያር ነው!»

መምህርቷ ብልቃጡን አንስታ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ፊቷ ተለወጠ። ወዲያው በሩ አጠገብ ወደቆሙት ሽማግሌ የላብራቶሪ ሠራተኛ ዞረች። ተማሪው ሁሉ «ጋሼ ብልቃጥ» የሚላቸው፣ ለብልቃጦቻቸው እንደ ልጅ ስለሚሳሱ ነው።

«ጋሼ፣ ብልቃጦቹ ላይ የተለጠፈው የአራትና የሰባት ቁጥር ተቀያይሯል። ዓይኔ ደክሟል ሲሉኝ ነበር። እንዲህ ከሆነማ ላብራቶሪውን ለሌላ ሰው መስጠታችን ነው።»

አንገቷን የደፋችው ልጅ ክው አለች። ትናንት ጋሼን ለማገዝ ብልቃጦቹን ስትወለውል ሁለቱ ቁጥሮች ረጥበው ተላቀቁ፤ እሷም የትኛው የየትኛው እንደሆነ ሳታጣራ በችኮላ መልሳ ለጠፈቻቸው። ጋሼ በር ላይ ቆመው አይተዋታል። በፈተናው ሰዓት ደግሞ የትኛው ቁጥር የትኛው እንስሳ እንደሆነ በቃሏ ስለምታውቅ ወደ ብልቃጡ ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

«ልክ ነሽ ልጄ» አሏት ጋሼ መምህርቷን ረጋ ብለው። «ጥፋቱ የእኔ ነው።» ወደ ልጅቷ በዓይናቸው እንኳ ጠቆም አላደረጉም።

ባዮሎጂ ለእሷ ዳገት በነበረበት ጊዜ እጇን ይዘው ያወጧት እሳቸው ናቸው። የያኔውን አራት ቁጥር፣ ቱኒኬት የተባለውን ድንች የመሰለ የባሕር እንስሳ እያሳዩ፣ «ይሄ ዘመዳችን ነው» ብለዋት ነበር። «ምኑ ነው እኛን የሚመስለው?» ብላ ስትስቅ፣ «አሁን ያለበትን አትዪ። ገና እጭ ሳለ ጅራቱ ውስጥ፣ እኛም ማህፀን ሳለን እንደነበረን ያለ ለስላሳ ዘንግ ነበረው፤ ኖቶኮርድ ይሉታል። ምን ይደረግ፣ ዘመድ አይመረጥ!» ብለው አብረዋት ሳቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርቱን ወደደችው። አሁን ደግሞ ለእሷ ብለው እንጀራቸውን ሊያጡ ነው።

ተነሳች።

«ቲቸር፣ ጋሼ አይደሉም። ቁጥሮቹን ያቀያየርኳቸው እኔ ነኝ። መልሱንም ብልቃጡን ሳላይ ነው የጻፍኩት።»

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉት።

«አንቺ ልጅ፣» አሉ ድምፃቸው ሻከር ብሎ፣ «ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም» አለች። ወደ መምህርቷ ጠረጴዛ ሄደችና የማይገባትን ነጥብ ልታሰርዝ ከክምሩ ውስጥ የራሷን ወረቀት መፈለግ ጀመረች።