የእንደራሴው መሐላ በጨፋ

በ፲፱፻፶፯ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አገሩ ሁሉ በሙቀት ደርቆ ሳለ፣ የጨፋ ሸለቆ ግን ከከሚሴ ሥር እስከ ሮቢት ድረስ በቦርከና ውሃ ርሶ አረንጓዴ እንደ ሆነ ነበር። በጋ በበረታ ቁጥር የሸለቆውን ከብት ከሞት የሚያተርፈው ያ ረግረግ መስክ ነው፤ አባት ለልጁ ከብቱን እንጂ መስኩን አያወርስም ነበር፤ የሁሉ የሆነውን ነገር ማን ደፍሮ የእኔ ይላል? በዚያ ሰሞን ግን ባለ ሦስት እግር መነጽር የተሸከሙ ቀያሾች መጥተው በመስኩ መካከል ችካል ተከሉ። ማን እንደ ላካቸው ቢጠየቁ «ታዘን ነው» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ጊዜው የምርጫ ጊዜ ነበረ። መንግሥት ሕዝቡን «እንደራሴህን ራስህ ምረጥ» ብሎታል፤ ምረጥ መባሉ ደግ ነው፤ የተመረጠው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ግን ለመራጩ የነገረው አልነበረም። ስለዚህ ርስትና ሀብት ያለው ሁሉ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እወዳደራለሁ እያለ፣ አንዱ በበቅሎ፣ አንዱ በላንድሮቨር፣ ሸለቆውን ያምሰው ጀመር፤ በደኅናው ቀን ገበሬውን ዞር ብሎ የማያይ መኳንንት ሁሉ «ወንድሜ» ማለት ለመደ።

በዚያ አገር አበጋር ጀይላን ሸምሱ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አበጋር ማለት ደም የተቃባን ወገን የሚያስታርቅ ሰው ነው፤ ገዳይና የሟች ዘመድ በእርሳቸው ፊት እርጥብ ሣር ይዘው ከማሉ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ሕጉም ጽኑ ነበር፤ አበጋር አስምሎ የያዘውን ጉዳይ ወደ ዳኛ የወሰደ ሰው እንደ መሐላ አፍራሽ ይቆጠራል፣ ለቅሶው አይደረስም፣ ሰርጉ አይበላም። አገሩ በጠመንጃ ሳይሆን በዚህ ሕግ ተጠብቆ ኖሯል።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሕዝቡ በመስኩ ዳር ተሰብስቦ ሳለ በመጀመሪያ የቀረበው ተወዳዳሪ አብዱሰላም ነበር፤ በከሚሴ ጨርቅ የሚነግድ፣ አገሬው ከልጅነቱ የሚያውቀው ሰው ነው።

«አብዱሰላም፣ ልጄ፣ ከገባህ ይህን መስክ ታስጥልልናለህ?» ሲሉ ጀይላን ጠየቁት።

«አባ ጀይላን፣ ወላሂ አልዋሽዎትም። እዚያ የገባ ሰው ይናገራል እንጂ አያዝም። እኔ እጮሃለሁ፤ ይስሙኝ አይስሙኝ አላህ ያውቃል። እናንተም ግን ዝም አትበሉ፤ ዳኛ ፊት ቅረቡ።»

«ለጩኸትማ አዲስ አበባ ድረስ ምን ያስኬዳል? እዚሁ ጩህ!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሕዝቡም ሳቀ። እውነት የተናገረ ሰው በዚያ ቀን ያተረፈው ይህን ሳቅ ብቻ ነው።

ቀጥለው ከደሴ የመጡት ግራዝማች ባንተይርጋ ተነሡ። ካኪ ኮት የለበሱ፣ ደንዳና፣ ድምፃቸው የሚያምር ሰው ነበሩ። «አካም ጅርቱ!» ሲሉ ሸለቆው በአንድ አፍ «ፈያ፣ ገለተ ረቢ!» ብሎ መለሰላቸው፤ በገዛ ቋንቋው ሰላም ያለውን ሹም የሚጠላ ማን አለ?

«እኔ በሕይወት ሳለሁ ከዚህ መስክ አንዲት ሰርዶ አትነቀልም!» አሉ ግራዝማች።

«ግራዝማች፣ በአፍ ብቻ የተባለ ነገር አይያዝም፤ በእኛ አገር ሣር ተይዞ ይማላል» አሉ ጀይላን።

«ምን ገዶኝ!»

ምን ይገዳቸዋል! እርሳቸው ባደጉበት ቤት ሣር ከብት የሚበላው እንጂ ሰው የሚምልበት አልነበረም። ጎንበስ ብለው እፍኝ ሙሉ ነቅለው፣ በጀይላን ፊት ተንበርክከው ማሉ። ሽማግሌውም እጃቸውን ዘርግተው፣ «ቃሉን የጠበቀ ይባረክ፤ ቃሉን የበላ ቃሉ ይብላው» ብለው ዱዓ አደረጉ። ከአሚኖቹ ሁሉ የበለጠው የግራዝማች አሚን ነበር።

የጀይላን እኅት ዘሃራ፣ ባሏ ሞቶባት በላሞቿ የምትኖር ሴት፣ ወደ ቤት ሲመለሱ ከወንድሟ ጎን እየሄደች፣ «ወንድምዓለም፣ በፊትህ ስንቱ ሲምል አይቻለሁ፤ እጁ የማይንቀጠቀጥ አላየሁም። የዚህ ሰው እጅ አልተንቀጠቀጠም» አለቻቸው።

«ልቡ ንጹሕ ቢሆን ነዋ» አሏት።

ሰኔ ላይ ግራዝማች ተመረጡ፤ አብዱሰላም ያገኘው ድምፅ ከዘመዶቹ ቁጥር ያነሰ ነበር ይባላል።

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ መስኩ ለዘመናዊ እርሻ እንደሚሰጥ፣ ይገባኛል የሚል ሁሉ ኅዳር ሳያልቅ በዳኛ ፊት አቤት እንዲል በገበያ መካከል በነጋሪት ተነገረ። አብዱሰላም የምርጫውን ቂም ትቶ፣ ከዘሃራ ጋር ወደ ጀይላን ቤት መጣ። እርሳቸው ካልፈቀዱ ከሸለቆው አንድ ሰው እንኳ እንደማይከተለው ያውቅ ነበር።

«ሣር አስይዤ ያስማልሁትን ሰው ልክሰስ? እርሱ ሳያፈርስ እኛ አፍራሽ እንሁን?» አሉ ጀይላን።

«እኛ እኮ ግራዝማችን አንከስም፤ ዳኛው መስኩ የማን ነው ብሎ ነው የሚጠይቅ» አለ አብዱሰላም።

«ቃል ከተቀበሉ ወዲያ ዳኛ ፍለጋ መሄድ ቃሉን አላመንሁም ማለት ነው። እርሱ እዚያ ስለ እኛ እየተሟገተ ይሆናል፤ አብሽሩ።»

«ቀኑ ያለፈ እንደ ሆነ ላሞቼ የት ይግቡ?» አለች ዘሃራ።

«አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል፤ እኔ የጠየቅሁ አንተን ነው።»

ጀይላን ለሶላት ተነሡ። የሸለቆውም ሰው የአበጋሩን ቃል አልተላለፈም፤ አንድም ሰው ለአቤቱታ ከቤቱ ሳይወጣ ኅዳር አለቀ። ሌላ አገር ቢሆን አንድ ነገረኛ አይጠፋም ነበር፤ ጨፋ ጨዋ በመሆኑ ተጎዳ።

በታኅሣሥ ትራክተር መጣ፤ የሽቦ አጥር ተዘረጋ፤ ዘበኛም ቆመ። ለገና ግራዝማች ወደ ደሴ መምጣታቸው ሲሰማ ጀይላን ተነሥተው ሄዱ። በደጁ ሲጠብቁ ከአሽከሮቹ አፍ የሰሙት፣ እርሻው የተሰጠው ለግራዝማች ሚስት ወንድም መሆኑን ነው። የቀያሾቹም ላኪ እርሱ ነበር፤ ግራዝማች ሣር ይዘው ሲምሉ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር።

ግራዝማች ግን አላፈሩም፤ እንዲያውም በፈገግታ ተቀበሏቸው።

«አባ ጀይላን፣ ምርጫ እኮ ነው! በምርጫ ሰሞን የማይባል ምን አለ? ደግሞስ በጊዜው ለምን አቤት አላላችሁም? ያን ያህል ሕዝብ ተሰልፎ ቢጮህ ኖሮ ዳኛው ያግደው ነበር፤ እኛም የፈራነው ይህንኑ ነበር።»

«ምለውልን ነበር።»

«በሣር?» አሉ ግራዝማች፤ ወዲያውም አሽከር ጠርተው ለእንግዳው ምሳ አዘዙ። ጀይላን ምሳውን ሳይቀምሱ ወጡ።

ሲመለሱ ሕዝቡን ሰብስበው የሆነውን ሁሉ አንድም ሳይሸሽጉ ነገሩት። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም፤ ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር። ዘሃራ ላሞቿን እየነዳች ባቲ ገበያ ወስዳ በተሰጣት ዋጋ ሸጠች፤ ከወንድሟ ጋር ሰላምታ ብቻ ቀራት። በዓመቱ በሁለት ወገኖች መካከል ሰው ሲገደል፣ ጀይላን እንደ ልማዳቸው ለማስታረቅ ቢሄዱ የሟች ወንድሞች ቆመው ተቀበሏቸውና፣ «አባ፣ እርስዎን እናከብራለን፤ መሐላ ግን ከእንግዲህ አይበቃንም» አሏቸው። ወሩ ሳይወጣ ሁለት ሰው ተጨምሮ ተቀበረ። ስለ መስኩ ያላለቀሱት ሽማግሌ በዚህኛው ቀብር ላይ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

በ፲፱፻፷፩ ዓመተ ምሕረት ምርጫ ሲደርስ ግራዝማች ባንተይርጋ እንደ ገና ወደ ሸለቆው ወረዱ። በሽቦው አጥር አጠገብ ቆመው፣ «የጨፋ ሕዝብ ሆይ፣ ቃል እገባላችኋለሁ» ብለው ሲጀምሩ፣ ዘሃራ ከመካከል ተነሣች።

«ግራዝማች፣ ቃሉን ለሚስትዎ ወንድም ያቆዩለት። ስኳር ይዘው እንደ ሆነ እርሱን ያውርዱልን።»

«ዱጋ ነው! እውነቷን ነው!» ብሎ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ግራዝማችም ሳቁ፤ በእርግጥም ይዘው ነበርና ስኳሩ ከመኪናው ወረደ። ሰልፉ ረጅም ነበረ። አበጋር ጀይላን በዚያ ሰልፍ ውስጥ እንደ ማንኛውም ሰው ቆመው ነበር፤ ተራቸው ሲደርስ የጋቢያቸውን ጫፍ ዘረጉ። የሚሰፍረው ሰው አላወቃቸውም።

ግራዝማች ከፊተኛው በበለጠ ድምፅ ተመረጡ። የዚያን ዘመን ነገር የጻፉ ሰዎች፣ በዚያ ወገን ምርጫው ያለ አንዳች ሁከት በፍጹም ሰላም እንደ ተፈጸመ፣ ሕዝቡም የመምረጥን ጥቅም እያወቀ እንደ ሄደ መዝግበዋል። ሐሰት አልጻፉም፤ አንድ ሰው እንኳ አልተጣላም። ሰው የሚጣላው ቃል ይፈጸማል ብሎ ሲጠብቅ ነው፤ ጨፋ ግን ይህን መጠበቅ ትቶ ነበር፤ ያስተዉትም ሰዎች ስማቸው ከምስጋና ጋር ተጽፎ ይገኛል።