የጀልባው ቤት መስኮት

መምህር ቶርሞድ የቬትለን ፎቶ ግድግዳው ላይ ሲያበራው ክፍሉ በጩኸት ተሞላ።

«አቦ ቀወጥከው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ከላይ በሌሊቱ ሰማይ ላይ አረንጓዴው የሰሜን ብርሃን ከተራራ ተራራ ተዘርግቷል። ከታች በረዶ የለበሰ ድንጋያማ ዳርቻ፣ ጥቁር ባሕር፣ ውሃው ጫፍ ላይ ደግሞ አንዲት ቀይ የጀልባ ቤት። መስኮቷ ቢጫ ሆኖ በርቷል።

«ሰማዩንማ እዚህ ሎፎተን ደሴቶች ላይ ማንም ያነሳዋል» አለ ዘንድሮ ከደቡብ የመጣው መምህር። «ፎቶውን ፎቶ ያደረገው ከታች ያለው ነው። ይቺን መስኮት እዩልኝ! ውስጡ ሰው ያለ ይመስላል። ለኤግዚቢሽኑ የሚሄደው ይሄ ነው።»

ሁለት ልጆች ዞረው ኤልድሪድን አዩዋት። ቬትለ አንገቱን ደፍቷል። የጀልባው ቤት የኤልድሪድ አባት ንብረት ነበር።

አባቷ ከባሕር ሲመለስ መጀመሪያ የሚያደርገው የጀልባውን ቤት መብራት ማብራት ነበር። እናቷ ሬይዱን ዳገቱ ላይ ካለው ቤታቸው ሆና መስኮቱ ሲበራ ታይና ድንች ትጥዳለች። እሱ ዓሣውን አጽድቶ፣ መረቡን ሰቅሎ እስኪወጣ ድንቹ ይደርሳል። ካቻምና በብርዱ ወራት ጀልባው ባዶውን ተገኘ። አባቷ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ያ መስኮት በርቶ አያውቅም፤ እስከ ባለፈው ማክሰኞ ድረስ።

ማክሰኞ ኤልድሪድ ከእጅ ኳስ ልምምድ ስትመለስ እናቷን በካልሲዋ በረዶው ላይ ቆማ አገኘቻት። «መስኮቱ በርቶ ነበር» አለች እናቷ። ወጥ ቤት ድንች ይንተከተካል። ሬይዱን ገባችና ድስቱን አወረደች።

በማግስቱ ቬትለ በደጃቸው ሲያልፍ ጠራችው። «ቬትለዬ፣ ትናንት ታች ሰው አይተሃል እንዴ?»

«ኧረ ማንንም አላየሁም» አላት። «የሰሜኑ ብርሃን መስታወቱ ላይ አንጸባርቆ ይሆናል።»

ኤልድሪድ አጠገባቸው ነበረች። አመነችው። ከዚያ እናቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለአክስትሽ እንዳትነግሪያት። አእምሮዬ እየከዳኝ ነው መሰለኝ» አለቻት።

ትምህርት ሲለቀቅ ደጁ ጨልሟል፤ እዚህ ሰሜን ጥግ ፀሐይ ከኅዳር ወዲህ አልወጣችም። ኤልድሪድ ቬትለን በጃኬቱ ይዛ ከሕንፃው ጀርባ ወሰደችው።

«ገብተሃል!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! የአባቴ ቤት ውስጥ ገብተሃል!»

«ግንባር ላይ የሚታሰረውን ባትሪዬን ቢጫ ላስቲክ አልብሼ ነው ያስቀመጥኩት። ለትንሽ ጊዜ ብቻ። መስኮቱ ጨለማ ሲሆን ፎቶው ይሞታል። ደግሞ የቁልፉን ቦታ ያሳየሽኝ ራስሽ ነሽ።»

«ዝናብ ሲመጣ ካሜራህን እንድታስጠልል ነዋ!»

«ስለ መብራቱ በምን አውቄ? መቼ ነገርሽኝ?»

እውነቱን ነው። ለማንም ተናግራ አታውቅም። እውነቱን መሆኑ ይበልጥ አናደዳት።

«እሺ፣ አላወቅክም። እናቴ ስትጠይቅህስ? ዓይን ዓይኗን እያየህ ዋሸሃት!»

«ፈራሁ። ተደብቄ ገባሁ ልበላት?»

«አበድኩ እያለች ነው! ይገባሃል? እናቴ አበድኩ እያለች ነው!»

ቬትለ ጓንቱን በጥርሱ አውልቆ ካሜራውን ከፈተ። «በቃ፣ ፎቶውን አጠፋዋለሁ። ኤግዚቢሽኑም ገደል ይግባ። እዪ፣ እያየሽኝ።»

ካሜራውን ነጥቃ ድንጋይ ላይ ብትፈጠፍጠው ደስ ባላት። በትንሿ ስክሪን ላይ መስኮቱ በርቷል፤ ልክ እንደ ድሮው ቢጫ። ፎቶው ያምራል። ማማሩ አንገበገባት። የቬትለ ጣት ማጥፊያው ላይ ሲያርፍ እጁን ቀጨም አደረገችው።

«ተው!»

«ምን ላድርግ ታዲያ? አጥፋ ነው ወይስ አታጥፋ?»

«እማዬ በዓይኗ ያየችው ነው። ላለማበዷ ከዚህ ሌላ ማስረጃ የላትም። ና።»

«አሁን?»

«አሁን።»

«ትገድለኛለች።»

«እኔ እስካሁን አልገደልኩህም።»

ዳገቱን ከፊት ከፊት ወጣች። ከኋላዋ ሲያዳልጠው ሰማች፤ ዞራ አላየችውም። ንዴቷ አልበረደላትም፤ እንዲበርድላትም አልፈለገችም። በረንዳው ላይ የጫማቸውን በረዶ አራገፉ። በወጥ ቤቱ መስኮት የእናቷ ጀርባ ይታያል።

«ምን ብዬ ልጀምር?» አለ ቬትለ በሹክሹክታ።

«የምጀምረው እኔ ነኝ» አለችው። «የቁልፉን ቦታ ያሳየሁህ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ራስህ ትነግራታለህ።»

በሩን ከፈተችው።