የተውሶ ሕመም

ለወዳጅ ሲባል የማይደረግ የለም፤ እንደ ልብስ ሰፊዋ በሰው ሕመም ሐኪም ዘንድ የቀረበ ግን አልሰማሁም!

ልብስ ሰፊዋ ወዳጇን ያወቀችው የሱቋን መስኮት መስታወት ሊቀይር በመጣ ጊዜ ነው፤ ሥራው መስታወት መግጠም ነው። እጁ ጭረት የሞላበት፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ሲስቅ አንገቱን የሚደፋ ወንድ። የገጠመው መስታወት ምንም አልጎደለውም፤ እሱ ግን ሰበብ እየፈለገ ተመልሶ ይወለውለዋል።

«ኧረ ልትጨርሰው ነው!» አለችው።

«ከጀርባው ያለችውን አይቼ አልጠግብ ብዬ ነው» አለና በራሱ ድፍረት ደነገጠ።

ሲዋደዱ ምስጢሩን ራሱ ነገራት። ሲወለድ ሴት ናት ተብሎ ነበር፤ እሱ ግን ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ወንድ መሆኑን ያውቃል።

«እኔ የወደድኩት አንተን ነው» አለችው። «ሌላ የምትነግረኝ ከሌለ ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።»

ሌላም ነበረ፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው እንጂ። ከእምብርቱ በታች የሚወጋው ሕመም ከርሟል። መስታወት ተሸክሞ ቁና ቁና ሲተነፍስ አይታ አፋጠጠችው።

«ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር» አላት። «ልብሴን አስወልቀው ጓደኞቻቸውን ጠሩብኝ። ቆመው ተሳሳቁ። ‹ወደ ሴቶቹ ክፍል ሂድ› አሉኝ፤ የሴቶቹ ክፍል ሐኪሞች ደግሞ ‹ወንድ አናክምም› ብለው መለሱኝ። ሁለተኛ እግሬ አይረግጥም።» ከዚያ እጇን ያዘ። «አንቺ ሂጂልኝ። ሕመሙ የኔ ነው በያቸው፤ መድኃኒቱን እኔ እውጣለሁ።»

የፍቅር ነገር! እሺ አለች።

የሴቶች ክፍል ሐኪሟ ጠና ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። «ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ከእምብርቴ በታች በቀኝ በኩል ይወጋኛል። ሲብስብኝ ያልበኛል፣ ያጥወለውለኛል።» አንድም አልሳተችም። ሐኪሟ አስተኝተው ያመኛል ያለችውን ቦታ ጫን ሲያደርጉት ግን ልብስ ሰፊዋ ኪ-ኪ-ኪ ብላ ሳቀች። ለካ ኮርኩረዋታል!

ሐኪሟ እጃቸውን አነሱ። «ሕመሙ የማን ነው?»

ሳቋ ወደ ልቅሶ ዞረ። ሁሉንም ዘረገፈችው።

«እንዲህ ያለ ሰው አክሜ አላውቅም» አሉ። «የምትነግሪኝ ሕመም ግን ቀን አይሰጥም። ዛሬውኑ ካላመጣሽው ይሞትብሻል።»

ሮጣ ከሥራ ቦታው ደረሰች። ጥግ ይዞ ሆዱን አቅፎ ተቀምጧል።

«ይስቁብኛል» አላት።

«ይሳቁ! ሳቅ አይገድልም፤ ይሄ ግን ይገድልሃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? እኔስ ያላንተ ምን ልሁን?» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ስታለቅስ አይቷት አያውቅም። ግድግዳውን ይዞ ተነሳ።

የፈራውም አልቀረም። ነርሷ በር ላይ «ወንድ አይገባም» አለች፤ ነገሩ ሲገባት ደግሞ አፏን በእጇ ሸፍና ወደ ጓደኛዋ ዞረች። እሱ ተመልሶ ሊወጣ ሲል ልብስ ሰፊዋ ክንዱን ጭምቅ አድርጋ ያዘችው። ሐኪሟ ከውስጥ ወጡ።

«በሽተኛው የኔ ነው። መሳቅ ያማረው ግቢ ወጥቶ ይሳቅ። ና ግባ ልጄ።»

እንቁላል ማፍሪያው ላይ እብጠት ተገኘ፤ ሊፈነዳም ደርሷል። በዚያው ቀን ቀዶ ጥገና ተወሰነ። በተሽከርካሪው አልጋ ሲወስዱት የልብስ ሰፊዋን ጣት ለቀም አደረገ።

«ከተረፍኩ ታገቢኛለሽ?»

«ተጋድሞ የሚጠይቅ ባል አልፈልግም! ተነስተህ፣ በእግርህ ቆመህ ጠይቀኝ» አለችና እንባዋን እንዳያይባት ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ጠዋት ስትገባ አልጋው ባዶ ነው። ሐኪሟን ልትጣራ ዞር ብትል ከበሩ ጀርባ ግድግዳውን ተደግፎ፣ በአንድ እጁ ቁስሉን ይዞ ቆሟል።

«ቶሎ መልሺልኝ» አላት። «ብዙ መቆም አልችልም።»