ለማየት ብቻ

እትዬ ከወደቀው መሰላል አጠገብ፣ በክምችት ክፍሉ ወለል ላይ በጎናቸው ተጋድመዋል። መርማሪዋ ስንቱን ሬሳ አይታለች፤ እኚህ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ግን አንጀቷን በሏት። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ነበር የቀራቸው።

ከአጠገባቸው የወደቀውን መጽሐፍ አነሣችው። ሽፋኑ ተገንጥሏል።

«ትናንት ነው ተጠርዞ የመጣው» አለ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዓይኑን እየጠረገ። «በገዛ እጄ ነው ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት። ምንም አልሆነም ነበር።»

መርማሪዋ መጽሐፉን በፖስታ አሽጋ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ መጽሐፉ የታዘዘበትን ኮርስ የሚያስተምረው መምህር ይንጎራደዳል።

«እኔ ዛሬ እዚህ ድርሽ አላልኩም፤ ስትደውሉ ነው የመጣሁት» አለ ሳይጠየቅ። «ጥፋቱ የልጃቸው ነው! ያንን ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ኮምፒውተር ላይ ባለው የኮርሴ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ አስገብታ፣ አውርጂ ብላ እናቷን ላከቻቸው። መሰላሉ እንደሚወላገድ እያወቀች!»

አይ ሰው! ወሬው ሕንጻውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እታች መጽሐፍ ማዋሻው ጋ የምትሠራውን የእትዬን ልጅ ሁሉም በጎሪጥ ያያት ጀመር። እሷም ራሷን መጠርጠር ይዛለች።

«እኔ ነኝ የገደልኳት?» አለች መርማሪዋን ስታይ።

«ተረጋጊ፣ የኔ እህት። ዝርዝሩ ላይ ምን ማድረግ ትችያለሽ?»

«ማየት ብቻ። እሱንም እማዬ ናት ለምና ያስፈቀደችልን። ድሮ መምህራኑ ምን እንዳዘዙ አናውቅም፤ ተማሪ መጥቶ ሲጮኽብን ነበር የምንሯሯጠው። አሁን እያየን ቀድመን እናወርዳለን። መጨመር፣ መቀነስ ግን አንችልም።»

«መሰላል ላይ ብቻቸውን ይወጣሉ?»

«ኧረ በጭራሽ! ሰው ካልያዘላት ንቅንቅ አትልም።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ማንበቢያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«ሠራተኛ ዝርዝሩን ያያል እንጂ አይነካም» አለች። «መጽሐፉን ማስገባት የሚችለው የኮርሱ መምህር ብቻ ነው።»

«ከቤቴ ሆኜ አስገብቼው ይሆናል» አለ መምህሩ። «ረስቼው ነው።»

«ይሁን። ሽፋኑ መገንጠሉንስ ከቤትዎ ሆነው አዩት? የተገነጠለው እትዬ ሲወድቁ ነው፤ ከእኔና ከኃላፊው በቀር ያየው የለም። እሳቸው ደግሞ ሰው ሳይዝላቸው አይወጡም። መሰላሉን የያዙት እርስዎ ነዎት።»

መምህሩ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ፈተና ደርሶ መጽሐፉን ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት ረስቼ... አስገባሁና ራሴ መጣሁ። ልጄን ልጥራ ሲሉ፣ እኔ እይዛለሁ አልኳቸው። ስልኬ ጮኸ። መሰላሉን ለቀቅኩት። ለቅጽበት ነው እኮ! ደነገጥኩና በጓሮ በር ወጣሁ።»

«ያኔ ሞተው ነበር?»

መምህሩ አንገቱን ደፋ። «አልሞቱም። ልጄን ጥራልኝ አሉኝ።»

ልጅቷ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም።

«እታች ነበርኩኮ» አለች። «ደረጃውን ብወጣ እደርስላት ነበር። እማዬ፣ ልጄ ትመጣለች ብላ ስትጠብቀኝ ነበራ?»