ያልተደገመ ጉርሻ

ዶክተር ደምለው የሞቱት ማዕድ ላይ ነው። ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ ዳር ባለች አንዲት ትንሽ የምርምር ቤት፣ አራት ሆነው ከአንድ ትሪ ሲበሉ ድንገት ተዝለፈለፉ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ነፍሳቸው ወጣች።

ኢንስፔክተር የዓለምዘርፍ ዓርብ ጠዋት የታሸገውን በር ስታስከፍት ቀድሞ የተቀበላት ሽታው ነው። የድንች ወጡ ትሪው ላይ ሻግቷል፤ እንጀራው አረንጓዴ ጠጉር አብቅሏል። መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ገባች። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ኖራ ሬሳ አያስጠላትም። የሚያስጠላት አብሮ የበላ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው።

የሟቹ ጠረጴዛ ላይ ሦስት የሴል ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ በሦስቱም ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ በቀይ ተከባለች፤ ከሥራቸው በሟቹ እጅ ‹ሰኞ ይገለጣል› ተብሎ ተጽፏል። የዓለምዘርፍ ፎቶዎቹን እያገላበጠች ብዙ አየቻቸው።

ወጡን ሮብ ገበያ ከተባለችው ከተማ፣ ከእናቷ ቤት ያመጣችው ተማሪያቸው ሕሊና በመሆኗ፣ ፖሊስ እሷን አስሯል። ነገር ግን ከትሪውም ከመጠጥ ውኃውም የተወሰደው ናሙና ንጹሕ ሆነ። መርዙ፣ ከቤተ ሙከራው መደርደሪያ የጎደለ ነጭ ዱቄት፣ የተገኘው በሟቹ ሆድ ውስጥ ብቻ ነው።

ሕሊና ከረቡዕ ወዲህ እህል አልቀመሰችም።

« ምን ነበር የምታጠኑት?» አለቻት የዓለምዘርፍ።

« ገዳይ ሴሎችን። ሰውነታችንን የሚጠብቁትን።»

« እንዴት ነው የሚገድሉት?»

« መርዛቸውን ዝም ብለው አይረጩም። መጀመሪያ ሌላውን ሴል ነክተው ያጣራሉ። በሽተኛ ሆኖ ካገኙት ይጣበቁበታል፤ በተነካኩባት ቦታ ዙሪያዋን ገጥመው መርዙን በዚያች ብቻ ያቀብላሉ። አጠገቡ ያለው ጤነኛ ሴል አይነካም።»

« በተነካኩባት ቦታ ብቻ» አለች የዓለምዘርፍ፣ ለራሷ።

የሟቹ ምክትል ዶክተር ምንይችል ቢሮው ተቀበላት። እያወራ እጁን ሦስት ጊዜ በአልኮል አሸ።

« ምግቡን ያመጣችው እሷ፤ እኔን ምን ይጠይቁኛል?»

« ዶክተር ደምለውን ማን አጎረሳቸው?»

« እሷ ናት። እኔ ማንንም አላጎረስሁም።»

አራተኛ ሆና አብራቸው የበላችው የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ የብርጓል ግን ሌላ አለች።

« ኧረ አጉርሷቸዋል! ሕሊና ደግማ አጉርሳቸው በዚያው እጇ በላች፤ እሱ ግን አንዴ ብቻ አጉርሶ፣ ሳይደግም ብድግ አለ። ‹አስታጥቢኝ› አለኝ፤ ገና በወጉ ሳንበላ! ቅር አለኝ፣ ልጄ። ደግሞ ማጉረስ ማን ይጠፋዋል?»

« ከቧንቧው ለምን አልታጠበም?»

« ውኃው የዚያን ቀን ጠዋት ጠፍቶ ነበር፤ እሱ አላወቀም። ቧንቧውን ከፍቶ ሲያጣ ጊዜ ነው የጠራኝ።»

« ከምሳ በፊት የታጠባችሁበትስ?»

« ያንንማ ወዲያው ደፋሁት። እድፍ ውኃ ቤት ውስጥ አላስቀምጥም። የሱን ግን ሳፋውን ጥግ ሳስቀምጥ ዶክተሩ ወደቁ፤ ከዚያ ማን ያስታውሰው።»

የዓለምዘርፍ ወደ ክፍሉ ተመልሳ ጥጉን አየች። ሳፋው እዚያው ነበር። ቅባቱ በላዩ ቆዳ ሠርቷል፤ የድንች ፍርፋሪ በሥሩ ረግቷል፤ ሁለት ዝንቦች ሞተውበታል። መሐረቧን ዳግም አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ቢሆንም በገዛ እጇ በጠርሙስ ቀድታ ለምርመራ ላከችው።

ሰኞ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች፤ ሕሊናም ታጅባ መጣች።

« አራት ሰው ከአንድ ትሪ በልቶ አንድ ሰው ሞተ» ብላ ጀመረች። « መርዙ ወጡ ውስጥ ቢሆን አራታችሁም በታመማችሁ። ስለዚህ በትሪው አልመጣም፤ በአንዲት ጉርሻ መጣ። ሕሊና አጉርሳቸዋለች፤ ግን ደግማለች፤ በዚያው እጇም በልታለች። እጁ መርዝ የነካ ሰው ጣቱን ወደ ገዛ አፉ አይመልስም። መታጠብ አለበት፤ ያውም ቶሎ።»

ምንይችል እጁን ኪሱ ከተተ።

« ዶክተር፣ ቧንቧው ወስዶ ይደብቅልኛል ብለው ነበር። ውኃ አልነበረም። በሳፋው ምግብ ከነኩ በኋላ የታጠቡት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ የፊተኛው ተደፍቷል። ውጤቱ ዛሬ ጠዋት መጣ። ዱቄቱ በውኃው ውስጥ አለ።»

« ለምን ብዬ እገድላቸዋለሁ?» አለ።

የዓለምዘርፍ ሦስቱን ፎቶዎች አነሣች፤ አንዱን አዞረች፤ አንዱን ገለበጠች። ቀይ የተከበበችው ነጥብ በሦስቱም አንድ ቦታ ላይ ዋለች።

« አንድ ፎቶ ነው። እያዞሩ በጽሑፍዎ ውስጥ የሦስት ሕመምተኛ ነው ብለው አሳተሙት። ደምለው ዛሬ ሊያጋልጡዎት ነበር።»

ምንይችል አንገቱን ደፋ። « ፎቶውን ያዞርሁት የሳቸው ስም ከፍ ይላል ብዬ ነበር… እወዳቸው ነበር።»

የዓለምዘርፍ ፊቷ ተኮማተረ። እስካሁን የያዘችውን አክብሮት እዚያው ጣለችው።

« አፋቸውን የከፈቱልህ አንተም ትወዳቸዋለህ ብለው ነው። ሴል እንኳ ነክቶ፣ በሽተኛ መሆኑን አጣርቶ ይገድላል። አንተ ነክተህ ጤነኛውን ገደልህ፤ ልጅቱንም በዚያው አሳሰርህ! ውሰዱልኝ፤ ሽታው አስጠላኝ።»

ሲወስዱት ማንም ቀና ብሎ አላየውም።

ሕሊና እጇ ተፈትቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እትዬ የብርጓል ከቤቷ በሳሕን ያመጣችውን ምሳ ገለጠች፤ ጠቅልላ ዘረጋችላት። ልጅቱ የሴትዮዋን ጣቶች አይታ ፊቷን አዞረች። የብርጓል አልተቀየመችም። ጉርሻውን ራሷ ጎርሳ፣ አላምጣ ዋጠችና ሌላ ጠቀለለች። ሕሊና ብዙ ቆይታ፣ እንባዋ እየወረደ፣ አፏን ከፈተች።

የብርጓል ደገመቻት።