ከኩርባው ወዲያ

«እነዚህን ከየት አመጣሃቸው?» አለች ልጅቷ፣ አንዱን እንጨት በጫማዋ ጫፍ ነካ እያደረገች።

ልጁ ኳሷን በብብቱ እንደያዘ ትከሻውን ሰበቀ። ወሬ ስለማያልቅበት ክፍሉ በሙሉ «ሬዲዮ» ነው የሚለው። «ተጥለው አገኘኋቸዋ። ምነው፣ ጎሉ ያለ ቋሚ ይሁን እንዴ?»

አራት እንጨቶች ነበሩ፤ ሁለቱ በዚህኛው ጎል፣ ሁለቱ በወዲያኛው ተተክለዋል። አናታቸው ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ሌላ ነገር ልትጠይቀው ስትል ደወል ተደወለ። የሒሳብ ፈተና ነው፤ ሁለቱም ሮጡ።

ወረቀቱ ፊቷ ሲቀመጥ ግን ሐሳቧ አልሰበሰብ አላት። እናቷ የግሬደር ኦፕሬተር ናት። ክረምቱ ቦርቡሮ የተወውን የጠጠር መንገድ ስትደለድል ሰንብታለች። ትናንት እራት ላይ ለአባቷ ያወራችው ትዝ አላት፦ «ከኩርባው ወዲያ ያለው የውኃ መውረጃ ቱቦ ተሰብሯል። ጎርፉ ከመንገዱ ሥር አፈሩን ጠርጎ ወስዶታል። ከላይ ስታየው ምንም አይል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ደግነቱ ፎርማኑ ቀይ ችካል ተክሎበታል።»

በመስኮቱ የግሬደሩ ድምፅ ይገባል። ምላጩ ጠጠሩን ሲገፋ ሞተሩ ያቃስታል፤ ምላጩ ተነሥቶ ግሬደሩ ሲዞር ደግሞ ይቀለዋል። ልጅቷ ድምፁን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አሁን ወደ ኩርባው እየተጠጋ ነው።

ዞር ስትል ሬዲዮም እስክሪብቶውን አስቀምጦ መስኮቱን ያያል። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ልጁ ወዲያው ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

ተጥለው አላገኛቸውም። ነቅሏቸው ነው።

ብድግ አለች። «መምህር፣ መውጣት አለብኝ።»

ፈታኙ መምህር ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «ከወጣሽ መመለስ የለም። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«እናቴ ጋ መድረስ አለብኝ። መንገዱ ሊደረመስባት ይችላል።»

«እንደውልላታ።»

«ሞተሩ ስልክ አያሰማትም።» መምህሩ ጥቂት አመነቱና በሩን በእጃቸው አመለከቷት።

ከግቢው ወጥታ በእርሻው መሐል አቋረጠች። ሹራቧን አውልቃ በእጇ ጠቀለለች። መንገዱ ላይ ስትወጣ ግሬደሩ ኩርባውን ጨርሶ፣ አቧራውን ከኋላው እየጎተተ ይመጣል። መሐል መንገድ ቆማ ሹራቡን ማውለብለብ ጀመረች። ለአፍታ እናቷ ያየቻት አልመሰላትም። ከዚያ ምላጩ ከመሬት ተነሣ፣ ሞተሩም ጸጥ አለ።

እናቷ ዘላ ወረደች። «ምን ሆነሻል? አባትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ችካሎቹ... ችካሎቹ ተነቅለዋል።»

እናት መንገዱን ቃኘች። የተደለደለ፣ ደህና መንገድ ነው። ከግሬደሩ ድጅኖ አውጥታ ጥቂት እርምጃ ወደፊት ሄደችና በዳሩ በኩል ወጋ ወጋ አደረገችው። ጠጠሩ ተጫጫረ እንጂ አልተበገረም። ትንሽ አለፍ ብላ ስትወጋው ግን ድጅኖው ቅቤ ውስጥ እንደገባ ቢላዋ ሰጠመ፤ ዙሪያውም ሸርተት ብሎ ወረደ። የጉድጓዱ ጨለማ ታየ።

እናት ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እኔ እኮ ችካሉ ገና ከፊት ነው እያልኩ ነበር» አለች። ከዚያ ልጅቷን ስባ አቀፈቻት። ልብሷ ናፍጣና አቧራ ይሸታል። ልጅቷ አፍንጫዋን እዚያው ቀበረች፤ ትንፋሿ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለቱም ያለ ምክንያት ሳቁ።

ሳቃቸው ሳያባራ ሬዲዮ ደረሰ። አራቱን ችካሎች ተሸክሟል፤ እሱም ፈተናውን ጥሎ ነው የመጣው።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የነቀልኳቸው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «ለጎል ብዬ ነው። ለእሷም ዋሸኋት።» ልጅቷ እንዲህ በአጭሩ ሲናገር ሰምታው አታውቅም።

እናት ጉድጓዱን በድጅኖው አመለከተችው፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ።

«መዶሻው ከወንበሬ ኋላ አለ» አለችው። «አምጣና የማሳይህ ቦታ ላይ መልሰህ ትከላቸው። የቀረውን ከአባትህ ጋር እናወራዋለን።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺስ ፈተና ላይ አልነበርሽም?»

«ነበርኩ።»

«እንግዲያው ሩጪ። ዳይሬክተሩን ለምኚያቸው፣ ማን ያውቃል። እኔም ይህችን ነገር ለፎርማኑ ነግሬ እከተልሻለሁ።»

ልጅቷ ቀሚሷን አራገፈችና መንገድ ጀመረች። ከኋላዋ የመዶሻ ድምፅ ሰማች፤ ከዚያ ችካል ሲወድቅ። ዞር አለች። ሬዲዮ በአንድ እጁ ችካል፣ በሌላው መዶሻ ይዞ ይታገላል።

«ሂጂ፣ አትጠብቂኝ» አለ ቀና ሳይል። «እኔ ምን ብዬ እንደምገባ እንኳ አላውቅም።»

ወደ ትምህርት ቤቱ አየት አደረገች። ከዚያ ተመልሳ ቁጢጥ አለችና የወደቀውን ችካል አንሥታ በሁለት እጇ ቀጥ አድርጋ ያዘችለት።

«ጣቴን እንዳትመታው» አለችው። «ስንጨርስ አብረን እንገባለን።»